የሪሞቱ መርዶ

እጄ የነካው ዕቃ ተበላሽቶ አያውቅም። ይህን የምለው በትሕትና ነው፤ ትሕትናውን ብተወው ሌላም ብዙ እል ነበር። አሜሪካ፣ ሂሊያርድ ከተማ ባለችው ቤታችን የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የሚንቋቋ በር፣ የሚሞቅ ፍሪጅ ሁሉ በእኔ እጅ ነው ያለፈው። አዎ፣ ከቧንቧው በኋላ ቤዝመንቱ ውስጥ ሦስት ቀን በቦቲ ጫማ ተመላልሰናል። አዎ፣ በሩ መንቋቋቱን ያቆመው መከፈቱንም ስላቆመ ነው። ስለ ፍሪጁ ግን አትጠይቁኝ፤ የሞተን መውቀስ ነውር ነው።

ወደ ሪሞቱ ልሂድ።

አማቴ እትዬ የሺ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ክረምት ሆናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም፣ በረዶው ደግሞ እሳቸውን አይወድም፤ ስለዚህ ውሏቸው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ነው። ቴሌቪዥን ያያሉ ማለት ሲያንስ ነው፤ ይቆጣጠሩታል። ጠዋት ያገር ቤት ዜና፣ ቀትር ላይ ውይይት፣ ከሰዓት ድራማ፣ ማታ ደግሞ ያው የጠዋቱ ዜና። "ይህን ሰምተውት የለም ወይ?" ስላቸው፣ "ቃሉን ለውጦ እንደሆን ልስማው እንጂ" ይሉኛል። ሴትየዋ ከዜና አንባቢ ጋር እንኳ የሚተያዩት በጥርጣሬ ነው።

ችግሩ ሪሞቱ ነበር። አርባ አራት ቁልፍ አለው፤ ቆጥሬዋለሁ። ጎንደር አርባ አራት ታቦት አላት ቢባል ሁሉም ሥራ አላቸው፤ የሪሞቱ አርባ አራት ግን ሦስቱ ሠራተኛ፣ አርባ አንዱ ቦዘኔ ናቸው። እትዬ የሺ ከቦዘኔዎቹ አንዱን በረገጡ ቁጥር የቴሌቪዥኑ መስኮት ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ እኔ ሥራ ቦታ ኮል ይደረግልኛል። ዌርሃውስ ውስጥ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ነው የምነዳው።

"አንተ ልጅ፣ ሰማያዊ ሆነብኝ።"

"የቱን ነኩት?"

"ምንም አልነካሁም። እሱ ራሱ ነው።"

በቀን ሦስት ጊዜ! ሱፐርቫይዘሬ በአራት ሰዓት፣ በሰባትና በዘጠኝ የምትደውልልኝ ሴት ማን እንደሆነች መጠርጠር ጀምሮ ነበር። "አማቴ ናቸው" ብለው ጭራሽ ባሰበት፤ በእሱ አገር አማት የምትደውልለት ሰው የለም መሰለኝ።

ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የአሜሪካ ሰው ለሽማግሌዎቹ ሪሞት ሲያቀልል አይቻለሁ፤ የማያስፈልገውን ቁልፍ በፕላስተር ይሸፍኑና የሚያስፈልገውን ብቻ ይተዋሉ። ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ የሪሞቱን ልብስ ማውለቅ ነበረብኝ፤ ከካርቶኑ በወጣ ዕለት እትዬ የሺ በላስቲክ ጠቅልለው፣ በሁለት ቀጭን ጎማ አስረው አልብሰውት ነበርና። ሁለት ዓመት የሰው ጣት ያልነካው ሪሞት ነው። ልብሱን ስገፍፈው አፍሮ የተሸማቀቀ መሰለኝ።

ከዚያ የቁርስ እህል ካርቶን ቆረጥኩ፣ ጥቁር ፕላስተር አመጣሁ፣ ፕላስተሩ እንዳይላቀቅ ሱፐር ግሉ የሚባለውን ማጣበቂያ ጨመርኩ። እዚህ ላይ አንባቢ "ሱፐር ግሉ ለምን?" ይል ይሆናል። እኔም አሁን እላለሁ። ያኔ ግን ሥራዬ የሚያስተማምን እንዲሆን ፈለግሁ። ሦስት ቁልፎች ብቻ ቀሩ፤ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ድምፅ መጨመሪያውና መቀነሻው። ማብሪያውን በባለቤቴ በሮማን የጥፍር ቀለም ቀይ ቀባሁት። ቴሌቪዥኑን ቀንና ሌሊት መዝሙር ብቻ የሚለቅ ቻናል ላይ አቆምኩትና አሸግሁት። መዝሙር ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ሰኞ አልተደወለልኝም። ማክሰኞም አልተደወለልኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ለብርሃኑ፣ አብሮኝ ለሚሠራው ጓደኛዬ፣ ስለ እጄ በረከት ለረጅም ጊዜ አወራሁለት። ብርሃኑ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልኩትን ሁሉ ሲቃወም የኖረ ሰው ነው፤ "ሱፐር ግሉ የቀባ ሰው ባለሙያ ሊባል አይችልም" አለኝ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ ማታ ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እትዬ የሺ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእሳቸው ርቆ ተቀምጧል፤ ወንጀለኛ ይመስላል።

"እትዬ የሺ፣ ቀለለልዎት?"

"ቀለለልኝ።"

"ይኸው፣ ሦስት ቁልፍ ብቻ!"

አዩኝ። ብዙ ጊዜ ወስደው ነው ያዩኝ።

"ዜናውን ለምን ዘጋኸው?"

"አልዘጋሁትም እኮ፤ ቁልፎቹን ነው የሸፈንኳቸው።"

"ምን እንዳላይ?"

"እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው።"

"እኔ ስሳሳት ነው የኖርኩት። እስከ ዛሬ ማንም ሸፍኖኝ አያውቅም።"

ይህን ብለው ተነሡና ወደ ክፍላቸው ሄዱ። የእኔ ሞኝነት ምኑ ላይ እንደሆነ የገባኝ ሮማን እጇን አፏ ላይ ጭና ስታየኝ ነው።

"ምን አደረግህ!" አለች። "ዜና ዘግተህ መዝሙር ከፈትክ?"

የአገሬ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ይደበቃል። ሰው እስኪሰባሰብ፣ ሽማግሌ እስኪገኝ፣ ማልዶ በር እስኪንኳኳ ድረስ ባለመርዶው ምንም እንዳይሰማ ይጠበቃል። እስከዚያ ሬዲዮ ይበላሻል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ጎረቤት ባልታወቀ ምክንያት ደግ ይሆናል። እትዬ የሺ ደግሞ በዚህ ጉዳይ እንደ እኔ ለማጅ አይደሉም፤ ሊቅ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ አንዲት ጎረቤታቸውን ልጇ መሞቱን ሳትሰማ አሥራ አንድ ቀን ያቆዩዋት፣ የሬዲዮዋን ድንጋይ አውልቀው "ጨርሷል" ብለው ነው። እንዲህ ባሉ ሴት ፊት ነው እንግዲህ ዜና ዘግቼ፣ መዝሙር ከፍቼ፣ በሱፐር ግሉ ያሸግሁት።

ማንን ሞተ ብለው እንደጠረጠሩም አላጣነውም። ጋሼ ማሞን ነው። ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ ወንድማቸው ናቸው፤ ከሰባት ወንድምና እህት የቀሩት እሳቸውና እትዬ የሺ ብቻ ናቸው። ስልካቸው ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል።

ረቡዕ ማለዳ ሮማን ደብረ ብርሃን ደወለችና የጋሼ ማሞን ልጅ አገኘችው። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። "አባባ ደኅና ነው፣ ፀበል ገብቶ ነው፤ ስልክ አይፈቀድም" አለ ልጁ።

እትዬ የሺ ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ። "ፀበል" አሉ። "እኔም ለሌላዋ ጎረቤቴ ለዘነበች፣ ሟች ወንድሟ የት ሄደ ስትለኝ ያልኳት ይህንኑ ነበር።"

"እማዬ ሙች፣ እውነት ነው!" አለች ሮማን።

"መሞትን እንዳትጠሪ፣ ሞልቷል።"

ሮማን በራሷ ስልክ ያገር ቤቱን ዜና ከፍታ አቀረበችላቸው። በእጃቸው ገፉት። "የአንቺ ስልክ የአንቺን ታሳየኛለች እንጂ።"

ያኔ ማሸጊያውን ፈትቼ ነገሩን ልገላግል ወሰንኩ። ሪሞቱን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ፕላስተሩን በቢላ ጫፍ ሳብኩት። መጣ። ቁልፎቹም አብረውት መጡ፤ እንደ በቆሎ ፍሬ ተራ በተራ ተነቅለው ፕላስተሩ ላይ ተደርድረው ቀሩ። ሮማን ደርሳ ይህን አየች። በሹክሹክታ ተቆጣችኝ፣ በሹክሹክታ ተከላከልኩ። ቀና ስንል እትዬ የሺ በሩ ላይ ቆመዋል። እኔም ደደብ ነኝና ሪሞቱን ከኋላዬ ደበቅሁት።

"አዲስ አዝዤልዎታለሁ" አልኩ። "በፖስታ ይመጣል።"

"መቼ?"

"ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ" አሉ። "ሰው ሁሉ ከሥራ ኦፍ በሚሆንበት ቀን።"

"እንደሱ ሳይሆን..."

"ይገባኛል ልጄ። እዚህ አገር መርዶም ሺፍት ያያል።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ያለ ስኳር ሻይ ብቻ። ይህን ነገር እንደ ቀልድ እያወራሁት ነው እንጂ የቀልድ አልነበረም፤ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ መድኃኒታቸው በባዶ ሆድ አይዋጥም። ሮማን ሳህን ይዛ ስትለምን፣ "ወንድሜ አፈር ልሶ እኔ ምን ልጎርስ?" ይሏታል። ሐሙስ ጠዋት ሮማን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አገኘኋት። እኔ ደግሞ በኪሴ አርባ አንድ ቁልፍ ይዤ ቆምኩ።

ሐሙስ ቀን እትዬ የሺ እዚሁ ቅርብ ቤክስሊ ለምትኖረው ለሁለተኛዋ ልጃቸው ለፀሐይ ደወሉ። "የደበቃችሁኝን ንገሩኝ" አሏት። ፀሐይ ምንም አታውቅም፤ ስለዚህ እህቷ እንደደበቀቻት ጠረጠረች። ሮማን ምንም እንደሌለ በማተቧ ማለችላት፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚደብቅ ሰው የሚምለውም በማተቡ ስለሆነ ጥርጣሬው ባሰ። ፀሐይ በራሷ መንገድ ደብረ ብርሃን ሦስት ዘመድ ጋ ደወለች። ሦስቱም "ፀበል" አሉ። እዚህ ላይ የፀሐይ አእምሮ የት እንደሄደ እኔ ያወቅሁት ኋላ ነው። "የእናቴ ልብ ተሳስቶ አያውቅም፤ በዚህ ቤት ላይ መርዶ አለ" ብላለች ለሮማን፣ ቀጥሎም ለብርሃኑ። "ከእኛ ወገን ካልሆነ ከእሱ ወገን ነው።"

እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ይህን አላወቅሁም እንግዲህ። እኔ ያየሁት የሚከተለውን ብቻ ነው። ሐሙስ ማታ የቆሻሻ ማውጫ ቀን ነበር። በትዳራችን ሃያ ሁለት ዓመት ሮማን የቆሻሻ በርሜል ገፍታ አታውቅም፤ በትዳር ውል ውስጥ ያለ ይመስል የእኔ ነው። የዚያን ዕለት ጫማዬን ሳደርግ፣ "አንተ ተቀመጥ፣ ደክሞሃል" ብላ ራሷ እየጎተተች እስከ መንገዱ ዳር አወጣችው። በመስኮት ቆሜ አየኋት። ሚስት ያለ ምክንያት በርሜል አትገፋም።

ቀጥሎ ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ሔለን ከፎቅ ወርዳ አቀፈችኝ። "አይ ላቭ ዩ፣ ዳድ።"

"ምን ፈለግሽ?"

"ናቲንግ።"

"መኪናዋ ተነካች?"

"ኖ! ናቲንግ፣ ዳድ። ጀስት... አር ዩ ኦኬ?"

ምንም ሳይፈልጉ የሚያቅፉት ልጅ አሜሪካ ውስጥ አልተወለደም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ ዕለት የመጨረሻውን ማረጋገጫ ያገኘሁት ከብርሃኑ ነው። ምሳ ላይ ዳቦዬን ገምጬ ስለ ኳስ አንድ ነገር ተናገርኩ። ብርሃኑ፣ "ልክ ነህ" አለ። ዳቦዬን አስቀመጥኩ። ብርሃኑ! ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ፈተንኩት።

"እንደውም ዘንድሮ ጎረቤታችን ደብሊን ከተማ ብቻ ነው በረዶ የጣለው፤ እኛ ጋ ጠብ አላለም" አልኩት። ከመስኮቱ ውጪ መኪናዎቹ እስከ ጎማቸው በረዶ ውስጥ ተቀብረዋል።

ብርሃኑ በረዶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። "ልክ ነህ ወንድሜ። ልክ ነህ።"

ቤተሰቤ የሆነ ነገር ደብቆኛል። መርዶው የእትዬ የሺ አይደለም፤ የእኔ ነው። ሪሞቱን ያሸግሁት እኔ ራሴ መሆኔን፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የተነሳው ከጥቁር ፕላስተር መሆኑን የማውቀው እኔ፣ ያን ሁሉ ረስቼ ፎርክሊፍቱ ላይ ተቀምጬ ዘመዶቼን በሐሳቤ በየተራ መቅበር ያዝኩ። ሐዋሳ ታላቅ ወንድሜ አለ። እሱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። መደወል ነበረብኝ፤ ስልኩን ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ሌላ ሰው ቢያነሳውስ?

ቅዳሜ ከንጋቱ አንድ ሰዓት የቤታችን መግቢያ ድራይቭዌይ ላይ መኪና ሲቆም ሰማሁ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። መጋረጃውን ስገልጥ ፀሐይ፣ ብርሃኑና ሚስቱ፣ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ተካ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አራት ሴቶች በበረዶው ላይ በሰልፍ ይመጣሉ። ከኋላ ያለችው ሴት ትልቅ ድስት ታቅፋለች። መጋረጃውን መለስኩት።

ገቡ። ማንም "እንዴት አደራችሁ" አላለም። ተቀመጡ። እትዬ የሺ ያንን የማይወዱትን ደረጃ ብቻቸውን ወረዱ፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ከረቡዕ ጀምሮ አዘጋጅተው ያስቀመጡት ነው።

"በሉ አርዱኝ" አሉ።

ጋሼ ተካ ወደ ብርሃኑ ተመለከቱ። ብርሃኑ ወደ ፀሐይ። ፀሐይ ወደ ሮማን። ሮማን ወደ እኔ። እኔም ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ግድግዳ ነው። ስመለስ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው፣ የሁሉም ዓይን እንባ አቅርሯል።

ጋሼ ተካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ... እግዚአብሔር የሰጠውን..." ብለው ጀመሩ።

አላስጨረስኳቸውም። ምንጣፉ ላይ ተዘረርኩ። ማን እንደሞተብኝ ስላልነገሩኝ ስም ለይቼ መጥራት አልቻልኩም፤ ስለዚህ "ወገኔን! ወገኔን!" እያልኩ ደረቴን መታሁ። እኔን ሲያዩ ሴቶቹ ለቅሶውን አነሱት። እትዬ የሺ "ማሞዬን! ወንድምዓለሜን!" አሉ። ሮማን እናቷን ይዛ አለቀሰች፣ ፀሐይ ሮማንን ይዛ አለቀሰች፣ ብርሃኑ እኔን ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሔለን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ "ኦ ማይ ጎድ፣ ኦ ማይ ጎድ" ትላለች። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ፤ የፖስታ ሠራተኛው አዲሱን ሪሞት ይዞ ነው። ወደ ውስጥ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ካርቶኑን ደጃፉ ላይ እንደ አበባ በቀስታ አስቀምጦ ሄደ።

ለቅሶው ትንሽ ረገብ ሲል ጋሼ ተካ ፊታቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደ ብርሃኑ ጎንበስ አሉ።

"ለጸሎቱ የሟች ክርስትና ስም ያስፈልገኛል። ማን ነው?"

ብርሃኑ ፀሐይን ጠየቀ። ፀሐይ ሮማንን ጠየቀች። ሮማን ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ "ክርስትና ስሙ ማን ነው?" አለችኝ።

"የማን?"

"የሟቹ።"

"ማን ነው ሟቹ?"

"አንተ አይደለህ የምታውቀው?"

"አልነገራችሁኝማ!" ብዬ ጮህኩ፣ እንባዬ እየወረደ። "ሳምንቱን ሙሉ ደበቃችሁኝ!"

"እኛ?" አለች ፀሐይ።

ጋሼ ተካ መነጽራቸውን አወለቁ። "ቆዩ እስቲ። እዚህ ቤት ውስጥ ማን እንደሞተ የሚያውቅ እጁን ያንሳ።"

ማንም አላነሳም። ድስት የታቀፈችው ሴት ብቻ ድስቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

"ማሞ ጋ ደውሉልኝ" አሉ እትዬ የሺ። ድምፃቸው ተሰንጥቋል።

ሮማን በቪዲዮ ደወለች። ጠራ። ሁላችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። ተነሣ። ጋሼ ማሞ ራሳቸው ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው።

"ዛሬ መውጣቴ ነው ከፀበል፤ ምነው፣ ደኅና ናችሁ?"

ቤቱ በእልልታ ሊፈርስ ነበር፤ እትዬ የሺ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"የድሮ ቪዲዮ እንዳይሆን። ቀኝ እጅህን አንሳ።"

ጋሼ ማሞ አነሡ።

"ግራህን።"

"የሺ፣ ምን ሆነሻል?"

"እግርህንስ?"

"እግሬን ለምን ብዬ ነው የማነሳው፣ አብደሻል እንዴ!"

"እሱ ነው" አሉ እትዬ የሺ፤ ሶፋው ላይ ዝርፍጥ ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቆይተው ከነጠላው ውስጥ ድምፃቸው መጣ። "እህል ስጡኝ።"

የለቅሶው ድስት ተከፈተ። ሮማን ለእናቷ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሰች፤ እያኘኩ ሲያለቅሱ፣ እያለቀሱ ሲስቁ አየኋቸው። እኔም ሳህን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ጋሼ ተካ ያዙኝ።

"አንተስ? አንተ ማንን ነበር?"

"ወንድሜን መስሎኝ ነው፣ የሐዋሳውን።"

"ደውለህ አረጋግጥ። ሳይረጋገጥ አትበላም።"

በአሥራ ምናምን ሰው ፊት፣ ድምፁን ከፍቼ ደወልኩ። ወንድሜ ወዲያው አነሣው። "ሃሎ" አላለም። "እንዴት ነህ" አላለም።

"ማን ሞተ?" አለ።

"ኧረ ማንም አልሞተም!"

"አትደብቀኝ፣ እችለዋለሁ።"

"ለሰላምታ ነው የደወልኩት።"

"ለሰላምታ?" አለ። ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብሎ ሚስቱን ሲጠራ ሰማነው፤ "ነይ እስቲ አጠገቤ ቁጭ በይ፣ የሆነ ነገር አለ።"

ብርሃኑ፣ አሥራ አራት ዓመት ሲቃወመኝ የኖረው፣ ወለሉን ያያል።

ወንድሜ አልተሳሳተም። ባለፉት አራት ዓመታት የደወልኩለት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ለቅሶ ልደርስ ነበር።